ዕቃው መደርደሪያው ላይ አልተገኘም

«ወይዘሮ ለምን» የሚሏት መርማሪ የሰው ሬሳ መገኘቱን ከመስማቷ በፊት፣ ቁርስ ላይ ከእናቷ ጋር በጫማ ቁጥር ትከራከር ነበር።

«ሠላሳ ስድስት በይው» አሉ እናትየው፣ በትከሻዋ ላይ አንገታቸውን አስግገው ስልኳን እያዩ።

«እማዬ፣ እግርሽ እኮ ሠላሳ ስምንት ነው።»

«እግሬን ማን ጠየቀሽ? ወንበር ነው የምገዛው!»

እውነታቸውን ነው። ትኬቱ የሚሸጠው በአንድ የጫማ መሸጫ የኢንተርኔት ሱቅ ውስጥ ነበር። ባለሱቆቹ፣ ጋሽ አኮርዲዮን የሚባለውን ሽማግሌ ዘፋኝ ከስንት ዘመን ዝምታ በኋላ መድረክ ላይ ሊያወጡት ሲነሡ፣ ለትኬት ብለው ሌላ ሱቅ አልከፈቱም፤ ባላቸው ተጠቀሙ። ሱቁ ደግሞ ከጫማ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። ምን ቢያስገቡበት ቁጥሩን፣ ቀለሙን፣ የሚደርስበትን ሰፈር ይጠይቃል። እነሱም አልተሟገቱትም። የወንበሩን ረድፍ በጫማ ቁጥር ሰየሙት፤ ሠላሳ ስድስት ከመድረኩ ሥር፣ አርባ አምስት ከኋላው ግድግዳ ጥግ። ቀዩ በግራ በኩል፣ ጥቁሩ በቀኝ። ሱቁ «ዕቃው የት ይድረስ?» ማለቱን ስለማይተው፣ ትኬቱን ከቁርጥራጭ ቆዳ አውጥተው፣ ቁጥሩን አትመውበት፣ በሞተር ብስክሌት እደጅ ድረስ ያመጣሉ። አዋቂ ነን ባዮች ሳቁባቸው። ትኬቱ ግን እንደ ጉድ ተቸበቸበ።

«ከነጋ ጀምሮ ስሞክረው እንቢ አለኝ» አሉ እናትየው በቁጭት። «ያቺ ጎረቤቴ ጎህ ሲቀድ ገዝታ ትኮራብኛለች፤ እኔ እሷን ተከትዬ ብነካው ጥርቅም!»

መርማሪዋ ነካችው። ሱቁም መለሰላት፦ «ይቅርታ፤ ዕቃው መደርደሪያው ላይ አልተገኘም።» ሠላሳ ሰባትን ሞከረች። አርባን ሞከረች። ማንም የማይሻማበትን አርባ አምስትን፣ ቀዩንም ጥቁሩንም ሞከረች። ያው ነው።

«ለዘፈን ደግሞ ምን መደርደሪያ አለው?» ብላ ሳቀች።

እናትየው አልሳቁም። በወጣትነታቸው በዚያ ሰውዬ አኮርዲዮን ስንት ጫማ ጨርሰዋል።

ስልኩ እጇ ላይ እንዳለ ጮኸ። አለቃዋ ነበር።

«የአኮርዲዮኑን ትርዒት ከምታዘጋጀው ጫማ ሠሪ ቤት ጀርባ ያለው አዳራሽ ውስጥ ሰው ተገድሏል። ዘፋኙ ነው። የሴትየዋ ወንድም አሁን ወንበር ሊደረድር ሲገባ ወድቆ አገኘው። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ሴትየዋ ናት። ትናንት ስትጮህበት የሰማ አለ፤ የተመታውም በእሷ የሥራ ዕቃ ነው። ሄደሽ ይዘሻት ነይ።»

«ግልጽ ከሆነ እኔን ለምን?»

«ይኸው! ጀመረሽ!» ብሎ ዘጋው።

ለእናቷ ነገረቻቸው። አሮጊቷ ወንበር ስበው ተቀመጡና «ማንም ይሁን ማን፣ እንዳትለቂው» አሉ።

አዳራሹ ድሮ የጫማ ፋብሪካ መጋዘን ነበር። ፋብሪካው ተዘግቶ ሠራተኛው ከተበተነ በኋላ፣ ጫማ ሠሪዋ የፊት ለፊቱን ክፍል ተከራይታ ሥራዋን ቀጠለች፤ ከእሷ ክፍል በጓሮ በር ወደ አዳራሹ ይገባል። የቆዳና የማስቲሽ ሽታ ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ወለሉ ላይ በነጭ ጠመኔ ሠላሳ ስድስት፣ ሠላሳ ሰባት እየተባለ ተጽፏል፤ ወንበሮቹ ግን ገና ግድግዳ ተደግፈው ነበር።

ጋሽ አኮርዲዮን ከበሩ አጠገብ በደረቱ ተደፍቷል። ለከሰዓቱ ትርዒት ሸሚዙን አስተኩሷል፣ ጫማውን ወልውሏል። ከጆሮው ኋላ አንዴ ተመትቷል፤ ሁለተኛ አላስፈለገም። አጠገቡ ፎርማ ወድቋል። ፎርማ ማለት ጫማ ሠሪ ቆዳውን የሚወጥርበት የእንጨት እግር ነው፤ ይኸኛው የቀኝ እግር ነበር። የግራው ከበሩ ጎን ካለው መደርደሪያ ላይ ያለ ጓደኛ ቀርቷል።

«ጀርባውን ሰጥቶ ነው የተመታው» አለች መርማሪዋ፣ በሩን ለሚጠብቀው ፖሊስ። «አዛውንት ለማያምነው ሰው ጀርባውን አይሰጥም።»

መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች አየችው። ፎርማዎች፣ የጫማ ካርቶኖች፣ ዳር ላይ ክዳን የሌለው የእንጨት ሣጥን። እጇን ሰደደች። የቆዳ ትኬቶች ናቸው። አርባ ሦስት፣ አርባ አራት፣ አርባ አምስት፤ ከሥር ደግሞ፣ ተደብቆ የቀረ የሚመስል፣ አንድ ቀይ ሠላሳ ስድስት። እናቷ ከነጋ ጀምሮ ሲያለቅሱለት የነበረው ወንበር እዚህ ቁጭ ብሏል። ትኬቱን አገላብጣ አየችውና መልሳ አስቀመጠችው።

«ለምን?» አለች። ፖሊሱ ለእሱ መስሎት «እ?» አለ።

መጀመሪያ ያገኘችው የአዳራሹን ባለቤት ነው። የቁልፍ ዘለላቸውን እያንቃጨሉ ግቢው መሃል ቆመው ነበር፤ ሰው የማይጠይቃቸውን ሁሉ የሚመልሱ ዓይነት ሰው ናቸው።

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ያየሁት ነገር የለም!» አሉ ገና ሳትጠጋቸው። «የሰማሁትን ግን አልደብቅም። ትናንት ‹ቢያመኝም ይመመኝ! ማንም አይከለክለኝም!› እያለች ስትጮህበት ነበር።»

«እሱስ ምን አላት?»

«የእሱ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው። እኔ እንኳ ያንን ዘፈን ተዉት ብዬ መክሬ ነበር። ከላይ የሚቆጣ አይጠፋም።»

«ከላይ ማን?»

«እኔ ምን አውቄ! ከላይ ነዋ!»

«ጋሼ፣ ፋብሪካው ሲሠራ እርስዎ የት ነበሩ?»

«የዚህ መጋዘን ኃላፊ ነበርኩ» አሉና ቁልፉን አቆሙት። «ምን ልትዪ እንደሆነ ገብቶኛል። ‹ማን ነበር?› የሚባለው ዘፈን ውስጥ ስሜ ቢጠራ ያቺ ሴትዮ ጮቤ ትረግጥ ነበር። ኪራይ በጨመርኩ ቁጥር እንዴት እንደምትረግመኝ ሰፈሩን ጠይቂ!»

ይህን ሲሉ ራሳቸውን ነጻ ያወጡ አልመሰላቸውም፤ መርማሪዋ ግን ከልቧ አመሰገነቻቸው።

ጫማ ሠሪዋ ከጠረጴዛዋ አልተነሣችም። ጠንካራ፣ ክንዷ የወንድ የሚያህል፣ ጣቶቿ በማስቲሽ የጠቆሩ ሴት ናት። ቆዳ እየቆረጠች ነበር፤ ቢላዋው አልተንቀጠቀጠም፤ ዓይኗ ግን ደም መስሏል።

«እጄን ማሰር ከፈለግሽ ቶሎ በይ» አለች ቀና ሳትል። «ካልፈለግሽ ይህን ልጨርስ። ጋሼን በአሮጌ ጫማ አልቀብረውም፤ አዲስ ጫማ እየሠራሁለት ነው።»

«ይጨርሱ። ትናንት በምን ተጣላችሁ?»

«አልተጣላንም። ጮኽኩበት እንጂ። ‹ልጄ፣ ዘፈኑ ይቅርብሽ፤ ያምሻል› አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ ሲያስጠናን ከርሞ! አባቴ እዚህ ፋብሪካ የሠራተኛው ማኅበር ሰብሳቢ ነበር። ሥራ ሊያቆሙ በተስማሙበት ሌሊት አንድ ሰው አስቀድሞ ተናግሮበት ወሰዱት። የመለሱልን ሳንባው ያለቀ ሰው ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ማን እንደተናገረበት ዕድሜ ልኬን ስጠይቅ ኖሬያለሁ። ጋሼ ያውቅ ነበር። ዘፈኑ ያንን ነው የሚጠይቀው። የመጨረሻዋን ስንኝ ግን አላስጠናንም፤ ‹እሷን ለመድረኩ አስቀምጫታለሁ› አለ። ስሙ ያለው እዚያ ነው። ታዲያ ‹ያምሻል› ሲለኝ ምን ልበለው?»

«ያ ሌሊት ሲሆን ወንድምዎ ስንት ዓመቱ ነበር?»

«እናቴ ጀርባ ላይ ነበር።»

«ባለቤትዎስ?»

ቢላዋው ቆም አለ፤ ወዲያው ቀጠለ። «እዚሁ ፋብሪካ ጀማሪ ሠራተኛ ነበር። አባቴ ነው ሥራ ያስተማረው። ምነው?»

«እንዲሁ ነው። የስልክ ትእዛዞችን እርስዎ ያያሉ?»

«በዚህ ጣት?» ብላ ማስቲሽ የደረቀበትን መዳፏን ዘረጋች። «ወንድሜ ‹ሠላሳ ዘጠኝ ጥቁር!› ብሎ ይጮኻል፣ እኔ እሠራለሁ። የሱቃችን ሕግ አንድ ነው፤ የአባቴ ነው። የሌለ ዕቃ አይሸጥም። ... ስሚኝ፣ መርማሪዋ። ትርዒቱ ዛሬ ይካሄዳል።»

«ዘፋኙ ሞቶ?»

«ዘፈኑ አልሞተም!» አለችና ቢላዋዋን ጠረጴዛው ላይ ተከለችው።

መርማሪዋ ይህችን ሴት ወደደቻት፤ መውደዷን ግን ለጊዜው ደበቀችው። መውደድ ማስረጃ አይሆንም።

የጫማ ሠሪዋ ባል ዕቃ አድራሹ ነው። ሰፈሩ «ደራሽ» ይለዋል። ዝናብም ይሁን ፀሐይ፣ ያለው ሰዓት አይዛነፍም፤ ደንበኛ አይጮኽበትም፣ ውሻ እንኳ አይነክሰውም። የራስ ቁሩን በሁለት እጁ ይዞ ሞተሩ አጠገብ ቆሞ አገኘችው። እንባው እየፈሰሰ ነበር፤ እንባውም የውሸት አልነበረም።

«ጋሼ ለእኔ እንደ አባት ነው» አለ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት። ጠዋት አይተውታል?»

«ኧረ የት! ትኬቶቹን ማታ ጭኜ ስላደርኩ፣ ጎህ ሳይቀድ ከቤት በቀጥታ ወጣሁ። አዳራሹን ዛሬ አልረገጥኩትም። ወንድሟ ደውሎ ሲነግረኝ ነው ተመልሼ የመጣሁት።»

«ከባድ ሥራ ነው የእርስዎ። ምኑ ነው የሚብሰው? ዳገቱ?»

ጥያቄው ቀለል ስላለው ትከሻው ረገብ አለ። «ዳገቱስ ይሁን። የሚብሰው ሰው ደጅ ቆሞ ‹ይቅርታ፣ የገዙት የለም› ማለት ነው። አንድ ጊዜ ለልጇ ምርቃት ያዘዘች እናት ነበረች። ሱቁ ሸጦላት ኖሮ ጫማው አልቋል። ስድቡ ምንም አይደል፤ ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን በራሴ ያዝኩት።»

«ስልክዎም ሥራ ነው በሉኛ። ሰው ይነካዋል?»

«ሚስቴም አትነካው» አለ ኪሱን በኩራት መታ አድርጎ። «ጠዋት ከእኔ ጋር ይወጣል፣ ማታ ከእኔ ጋር ይገባል።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እሱም አላወቀውም፤ እሷም አላሳወቀችውም።

የመጨረሻው ታናሽ ወንድምየው ነው። ሱቁን ከጥግ ባለች ክፍል በኮምፒውተር የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ሬሳውን ያገኘው እሱ ስለሆነ ገና ጥርሱ ይንቀጫቀጫል።

«ትኬት መሸጡን መቼ አቆምክ?» አለችው።

«እኔ? አላቆምኩም። ገና አንድ ሣጥን አለን እኮ። ጠዋት ኮምፒውተሩን ሳልከፍት ወንበር ልደረድር ገባሁና...»

«ክፈተው እስቲ።»

ከፈተው። ዓይኑን አሸና ደግሞ አየ። ከሠላሳ ስድስት እስከ አርባ አምስት፣ ቀዩም ጥቁሩም ተዘግቷል።

«አንተ ብትዘጋው ኖሮ ለገዢ ምን ብሎ ይመልስ ነበር?»

«‹አልቋል› ነዋ። እኔ ስዘጋ ‹አልቋል› ነው የሚለው።»

መርማሪዋ ስልኳን ከኪሷ አውጥታ የጠዋቱን መልስ አሳየችው። «ይህንንስ ማን ያስብለዋል?»

ወንድምየው አነበበው። ፊቱ አመድ መሰለ። በሹክሹክታ የሆነ ነገር ነገራት፤ ወዲያው «አይሆንም! አይሆንም!» ብሎ አፉን በመዳፉ ያዘ።

«እንዲህ ያዘው» አለችው። «እስክጠራህ ድረስ ለማንም።»

ወደ ግቢው ስትወጣ አለቃዋ ደወለ።

«እስካሁን አላመጣሻትም?»

«አላመጣኋትም።»

«ትእዛዝ እኮ ነው! ደግሞ ያ ዘፈን እንዳይዘፈን ተብሏል። ሴትየዋ ከገባች ነገሩ በዚያው ይዘጋል።»

«ማነው ‹ተብሏል› ያለው?»

«እሱ አንቺን አይመለከትሽም። ይዘሻት ካልመጣሽ መታወቂያሽን ታስረክቢያለሽ።»

«እሺ። እዚህ ጫማ ሠሪ ቤት እቀጠራለሁ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ከዚህ ሥራ ሌላ የምታውቀው ሥራ አልነበራትም፤ እናቷም የሚኖሩት በዚሁ ሥራ ነው። ቢሆንም ንጹሕ ሰው አስራ እቤቷ ገብታ እናቷን ቀና ብላ የምታይበት ዓይን አልነበራትም።

ሬሳው ከተነሣ በኋላ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ወንድምየው በእሷ ትእዛዝ የፊት ረድፉን ብቻ ደርድሮ ነበርና እዚያ ላይ አስቀመጠቻቸው፤ ጫማ ሠሪዋን መሃል፣ ባሏን በቀኟ፣ ወንድሟን በግራዋ፣ ባለአዳራሹን ፈንጠር አድርጋ። ፖሊሱ በሩ ላይ ቆመ። አኮርዲዮኑ ከመድረኩ ጠርዝ ላይ ነበር።

«ነገሩን የጀመሩት እናቴ ናቸው» አለች መርማሪዋ፣ ከመደርደሪያው አጠገብ ቆማ። «ዛሬ ከነጋ ጀምሮ ትኬት ሊገዙ ሞከሩ፤ ሱቁ እንቢ አላቸው። እኔም ቁርስ ላይ ሞከርኩ፤ እንቢ አለኝ። ያኔ ጋሽ አኮርዲዮን መሞቱን ማንም አልሰማም። ሬሳውም ገና አልተገኘም። እንግዲህ እኔ ለምን ማለት ልማዴ ነው። ለምን ተዘጋ?»

«አልቆ ይሆናላ!» አሉ ባለአዳራሹ።

ሣጥኑን አንሥታ ዘቀዘቀችው። ትኬቶቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ።

«አላለቀም። ትኬት እያለ፣ ወንበር እያለ፣ ሽያጩ ተዘጋ። የዘጋው ሰው ትርዒቱ እንደማይኖር ያውቅ ነበር ማለት ነው። ያንን ደግሞ በዚያ ሰዓት የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የገደለው።»

የባለአዳራሹ ቁልፍ መንቃጨሉን ተወ።

«ማን ዘጋው? ጋሼ፣ እርስዎ የኢንተርኔቱን ሱቅ በር አያውቁትም፤ ኪራዩን ብቻ ነው የሚያውቁት። ጫማ ሠሪዋ ስልክ አይነኩም። ቀሪዎቹ ሁለት ናቸው። ወንድምየው ሲዘጋ ሱቁ ‹አልቋል› ይላል። ለእኔ ግን ‹ዕቃው መደርደሪያው ላይ አልተገኘም› ነው ያለኝ። እኔ ሞኟ፣ ዘፈን ምን መደርደሪያ አለው ብዬ ሳቅሁ።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «ይህ መልስ የሚመጣው መቼ ነው?»

ወንድምየው እህቱን አላያትም። «ዕቃ አድራሹ ሊጭን መጥቶ ዕቃውን ቦታው ላይ ሲያጣው... በእሱ ስልክ ላይ ያለች አንዲት ቁልፍ አለች። እሷን ሲነካ ነው።»

ጫማ ሠሪዋ ቀስ ብላ ወደ ቀኟ ዞረች።

«ምናልባት ሞተር ላይ ሆኜ በስህተት ነክቼው ይሆናል» አለ ደራሽ። ድምፁ ለስላሳ ነበር። «ይህ ሰው ያስገድላል?»

«ያቺ ቁልፍ ለአንድ ቁጥር አንድ ጊዜ ነው የምትነካው። ሰው አንዴ ይሳሳታል። ከሠላሳ ስድስት እስከ አርባ አምስት፣ ቀዩንም ጥቁሩንም፣ አንድ በአንድ ይሳሳታል? ስልኬን ሰው ነክቶት ይሆናል እንዳይሉኝ ደግሞ፣ ሚስቴም አትነካው ብለውኛል።»

«እሺ፣ ሣጥኑ ባዶ መስሎኝ...»

«ሣጥኑ ያለው የት ነው?» አለች መርማሪዋ፣ የቆመችበትን መደርደሪያ በመዳፏ እየመታች። «እዚህ። ከዚህ ፎርማ አጠገብ። እርስዎ ደግሞ ዛሬ አዳራሹን አልረገጥኩም ብለዋል። ረግጠው ከሆነ ዋሽተውኛል። ካልረገጡ፣ ያላዩትን ሣጥን ባዶ ነው ብለዋል። የቱን ይመርጣሉ?»

ደራሽ የራስ ቁሩን ከአንዱ ጉልበቱ ወደ ሌላው አዘዋወረው።

«ለምን የሚለው ቀረኝ» አለች መርማሪዋ፣ አሁን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ወደ ጫማ ሠሪዋ። «እህቴ፣ ጋሽ አኮርዲዮን ዘፈኑ ያምሻል ብሎዎታል። በአባትዎ ላይ የተናገረው ጋሼ ባለአዳራሹ ቢሆኑ ኖሮ፣ ያ ስም እርስዎን ምን ያማል? ጮቤ ያስረግጣል እንጂ። ወንድምዎ እናትዎ ጀርባ ላይ ነበር። ያን ሌሊት እዚህ ፋብሪካ ውስጥ የነበረ፣ ስሙ ሲጠራ እርስዎን የሚያም ሰው አንድ ብቻ ነው።»

«አንተ ነህ?» አለች ጫማ ሠሪዋ።

ደራሽ ወለሉን አየ።

«እኔን እይ! አንተ ነህ?»

«ልጅ ነበርኩ» አለ። «ቢሮ ጠርተው አስፈራሩኝ። ሥራህን፣ እናትህን፣ ዕድሜህን አሉኝ...»

«አባቴንም አስፈራርተውት ነበር!»

ድምፅዋ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ዞሮ ተመለሰ። ደራሽ እጁን ሊዘረጋላት ሞከረና መለሰው።

«ዕድሜዬን ሙሉ ካስኩሽ» አለ። «አንድ ቀን አስከፍቼሽ አውቃለሁ? ትናንት ማታ ጋሼ ‹ለልጆቻችሁ ብዬ ዝም አልኩ፤ አሁን ግን እርጅና መጣ፤ ይህን ይዤ አልቀበርም። ዛሬ አንተ ንገራት፤ ካልነገርካት ዘፈኑ ይነግራታል› አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ልነግርሽ አፌን ስከፍት አደርኩ። ስትነሺ ስለጫማው ታወሪኛለሽ፣ ስለወንበሩ ታወሪኛለሽ፤ ደስ ብሎሻል። እንዴት ልንገርሽ? ጎህ ሲቀድ ልለምነው መጣሁ። እንቢ አለኝና አኮርዲዮኑን ሊያነሣ ዞረ። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን እጄ ነው የሚያውቀው።»

«ሽያጩንስ ለምን ዘጋህ?» አለ ወንድምየው። «ዝም ብለህ ብትሄድ ማን ያውቅብህ ነበር?»

«ስልኬ ጮኸ» አለ ደራሽ። «እሱ እዚያ ወድቆ፣ እኔ እዚህ ቆሜ፣ ስልኬ ጮኸ። ትኬት ተሸጠ። ስሟን አየሁት፤ ያቺ ምርቃት ላይ ያሳፈርናት እናት ናት። እንደገና ደጇ ቆሜ የለም ልላት ነው? ደግሞ ሌላም ይገዛል። ሌላም። የሌለ ዕቃ...» አልጨረሰውም፤ ራሱን የራስ ቁሩ ላይ ደፋ።

ጎህ ሲቀድ የገዛችው የእናቷ ጎረቤት መሆኗ ነው። መርማሪዋ ይህን ስትሰማ ለቅጽበት ዓይኗን ጨፈነች። ሰው መግደል ያላንቀጠቀጠው እጅ፣ ሰው ማሳፈር አንቀጥቅጦታል። አዘነችለት፤ ማዘኗን አልካደችም፤ ፖሊሱን ግን በዓይኗ ጠቀሰችው።

«ልጆቻችንን...» አለ ደራሽ በሩ ላይ ሲደርስ።

«ልጆቼን በአፍህ እንዳትጠራ» አለች ጫማ ሠሪዋ። ከወንበሯ አልተነሣችም። ሞተሩ ግቢው ውስጥ ብቻውን ቀረ።

ባለአዳራሹ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «እንግዲህ... እንግዲህ ትርዒቱ ተሰርዟል። እኔም በሩን ልቆልፍ።»

«ይቆልፉና እናያለን!» አለች ጫማ ሠሪዋ፣ አሁን ተነሥታ። «እስከ ወሩ መጨረሻ ያለው ኪራይ ኪስዎ ውስጥ ነው።» ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች። «ሱቁን ክፈተው።»

«እትዬ፣ ምን ብዬ? ማን ሊዘፍን?»

«ዕቃው አለ በል!»

ወንድምየው በእጁ እንባውን ጠርጎ ወደ ክፍሉ ሮጠ። ጫማ ሠሪዋ ጎንበስ ብላ ወለሉ ላይ የተበተኑትን ትኬቶች መልቀም ጀመረች። መርማሪዋም አብራት ለቀመች። ሣጥኑ ሲሞላ ጫማ ሠሪዋ ቀዩን ሠላሳ ስድስት አውጥታ እጇ ላይ አደረገችላት።

«ለእናትሽ።»

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም አለ። የአሟሟቱ ወሬ ከሞተር ፈጥኖ ሰፈሩን አዳርሷል፤ ትኬት የመለሰ አልነበረም። የቀረውን ሰው እየመጣ በር ላይ ገዛ፣ ወንበር ያጣ ቆመ። ባለአዳራሹ ቁልፋቸውን ይዘው ከኋላ፣ ከአርባ አምስት ቁጥር አጠገብ ቆሙ። የመርማሪዋ እናት ከመድረኩ ሥር ተቀምጠዋል፤ ጎረቤታቸው ሁለት ረድፍ ከኋላቸው ነበረች፣ እሳቸውም ዞር ዞር እያሉ ያዩዋት ነበር።

የመርማሪዋ ስልክ ኪሷ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። አውጥታ አየችው፤ አለቃዋ ነው። ገዳዩን ልካለታለች፤ እሱ የሚፈልገው ግን ሌላ ነበር። ስልኩን ጥርቅም አድርጋ አጠፋችው።

ወንድምየው አኮርዲዮኑን ታቀፈ። አጨዋወቱ አያምርም፤ አየሩ ይሸሸዋል፣ ጣቱ ይሰናከላል። ጫማ ሠሪዋ ማስቲሽ ባልለቀቀው እጇ የመድረኩን ጠርዝ ይዛ ዘፈነች። የዘፋኝ ድምፅ የላትም፤ ሻካራ ነው፤ ግን አልሰበረችውም። ማን ነበር በሩን የከፈተው፣ ማን ነበር ሌሊቱን የሸጠው፣ እያለች ሰውን አንድ በአንድ ዓይን ዓይኑን እያየች ጠየቀች። ሕዝቡ በእግሩ ወለሉን ይመታ ጀመር፤ አብዛኛው ጫማ የእሷ ሥራ ነበር።

ማንም ያልተማራት የመጨረሻዋ ስንኝ ላይ ስትደርስ ዝም አለች። አኮርዲዮኑም ቆመ። አዳራሹ በሙሉ ስሙን ያውቀው ነበር፤ ጠዋት ሁሉም ሰምቷል። እንድትጠራውም ይጠብቅ ነበር።

አልጠራችውም። ያ ስም በዚያ ዘፈን ውስጥ ቦታ እንዳያገኝ ከለከለችው። በምትኩ የአባቷን ስም፣ ከነአባቱ፣ ጮክ ብላ ዘፈነችው።

የመርማሪዋ እናት ቀድመው ተነሡና ስሙን መልሰው ጠሩት። ከዚያ ረድፍ በረድፍ፣ እስከ ግድግዳው ጥግ ድረስ፣ ሁሉም ተነሣ።